ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስ ወይስ ካልክ? ባር ቻርት ከመሥራታችሁ በፊት

ካፌ ያላት ጓደኛዬ የዓመቱን ሽያጭ በባር ቻርት ሠርታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ቁመታቸው የሚቀራረብ አሥራ ሁለት ባሮች ተሰልፈዋል። መጨረሻ ላይ አንዲት ጉቶ አለች። ከሥሯ «ጳጉሜን» ይላል። አብሯት የሚሠራው ወንድሟ ቻርቱን እንዳየ «እንዴ፣ ጳጉሜን ላይ ምን ነካን?» አላት።

ምንም አልነካቸውም። ነሐሴን 30 ቀን ሠርተው 90,000 ብር ገባ። ጳጉሜንን 5 ቀን ሠርተው 21,000 ብር። ለቀን ስታካፍሉት ነሐሴ 3,000፣ ጳጉሜን 4,200 ይወጣዋል። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ሰው ከቤት ይወጣል፣ ይገባበዛል። ቻርቱ ግን የዓመቱን ምርጥ ቀናት እንደ ኪሳራ አድርጎ ሳላቸው።

«ኤክሴል ላይ ስለሠራሁት ይሆን? ጉግል ሺትስ ይሻለኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ሁልጊዜ የሚወቀሰው ፕሮግራሙ ነው። እኔ ምርጫውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ የባሩ ዓይነት ይመረጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ። ፕሮግራሙን ስመርጥ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ፋይሉን ከእኔ ቀጥሎ ማን እንደሚከፍተው ነው።

የቆመ ወይስ የተጋደመ?

ከስሙ እንጀምር። ትምህርት ቤት «ባር ግራፍ» ብለን የሳልነው አብዛኛውን ጊዜ የቆመውን ነው። ኤክሴልና ጉግል ሺትስ ግን የቆመውን «ኮለም ቻርት» ይሉታል። «ባር ቻርት» የሚሉት የተጋደመውን ብቻ ነው። «ባር» የሚለውን ነክታችሁ ቻርቱ በጎኑ ቢተኛባችሁ አትደንግጡ። ያዘዛችሁትን ነው የሰጣችሁ።

ምርጫው ራሱ ከባድ አይደለም። ዳታው ወር፣ ሩብ ዓመት ወይም ዓመት ከሆነ የቆመው ይሻላል። ጊዜን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ለምደናል። ዳታው የስም ዝርዝር ከሆነ የተጋደመው ይሻላል፣ በተለይ ስሙ ሲረዝም። «የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል» የሚለውን ከቆመ ባር ሥር አስቀምጡትና እዩት። 12ቱን ክልሎችና 2ቱን የከተማ አስተዳደሮች ስትደረድሩ ኤክሴል ጽሑፉን አዘንብሎ ይጽፈዋል። ቦታ ካጠረው ጭራሽ ያቆመዋል። አንባቢው አንገቱን አጣሞ ነው የሚያነበው። ያንኑ ቻርት አጋድሙት፤ ስሞቹ በግራ በኩል ተስተካክለው ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው ባር ቻርት የሚባለውን በ1786 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌርም ያጋደመው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስኮትላንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ17 ቦታዎች ጋር ያደረገችውን ንግድ ማሳየት ፈለገ። እንደ ሌሎቹ ቻርቶቹ በመስመር እንዳይስለው የተከታታይ ዓመታት ዳታ አላገኘም። ስለዚህ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ደረደረና ለእያንዳንዱ ሁለት የተጋደሙ ባሮች ሰጠው። አንዱ ለገቢ ዕቃ፣ አንዱ ለወጪ ዕቃ። ከመቸገር የመጣ ሥዕል ነው።

የተጋደመው አንድ ጣጣ አለው። ኤክሴልና ካልክ (ሊብሬኦፊስ ከሚባለው ነፃ ጥቅል ጋር የሚመጣው የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ከሠንጠረዡ አናት ያለውን ረድፍ የቻርቱ ግርጌ ላይ ያስቀምጡታል። እናንተ ትልቁን ከላይ አድርጋችሁ ትደረድራላችሁ፤ ቻርቱ ላይ ተገልብጦ ይመጣል። ኤክሴል ላይ የስሞቹን አክሲስ፣ ማለትም ስሞቹ የተደረደሩበትን መስመር፣ ሁለቴ ክሊክ አድርጉና «ካቴጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የሚለውን ምረጡ። አሁን ደግሞ የቁጥሮቹ መስመር ወደ ላይ ይወጣባችኋል። እዚያው «አት ማክሲመም ካቴጎሪ» የሚለውን ስትነኩ ተመልሶ ይወርዳል። ካልክ ላይ ይኸው ነገር «ሪቨርስ ዳይሬክሽን» ይባላል። ጉግል ሺትስ የመጀመሪያውን ረድፍ ከላይ ስለሚያደርገው ይህ ሁሉ ልፋት የለበትም።

አጠገብ ለአጠገብ፣ ተደራራቢ ወይስ መቶ ፐርሰንት?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ሁላችንም በምናውቀው ዳታ እንየው። ኢትዮጵያ በአምስት ኦሎምፒኮች ያገኘችው ሜዳሊያ ይኸውና፦

| ኦሎምፒክ | ወርቅ | ብር | ነሐስ |
|---|---|---|---|
| ሲድኒ 2000 | 4 | 1 | 3 |
| አቴንስ 2004 | 2 | 3 | 2 |
| ሪዮ 2016 | 1 | 2 | 5 |
| ቶኪዮ 2020 | 1 | 1 | 2 |
| ፓሪስ 2024 | 1 | 3 | 0 |

ቤጂንግንና ለንደንን ሆን ብዬ ነው የዘለልኳቸው። በዶፒንግ ውሳኔ ምክንያት ከዓመታት በኋላ የተቀያየሩ ሜዳሊያዎች አሉባቸው፤ ለምሳሌ የሚሆን ዳታ ደግሞ ክርክር ባያስነሳ ይመረጣል።

ይህን ሠንጠረዥ መርጣችሁ አጠገብ ለአጠገብ የሚቆመውን ዓይነት ሥሩ። ኤክሴል «ክላስተርድ» ይለዋል። ለእያንዳንዱ ከተማ ሦስት ባሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ወርቆቹን ብቻ በዓይናችሁ ተከተሉ፦ 4፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1። ወደ ታች እንደሚወርድ ደረጃ ነው። ጥያቄያችሁ «ወርቁ እንዴት ሆነ?» ከሆነ መልሱ በአንድ እይታ ተገኘ። ጠቅላላውን ለማወቅ ግን በራሳችሁ መደመር አለባችሁ።

አሁን ወደ ተደራራቢው፣ ማለትም «ስታክድ» ወደሚባለው ቀይሩት። ሦስቱ ባሮች አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣሉ። ሲድኒና ሪዮ እኩል ቁመት ይኖራቸዋል፤ ሁለቱም 8 ሜዳሊያ ናቸው። ቶኪዮና ፓሪስም እኩል 4። ጠቅላላው ወለል ብሎ ይታያል። ነገር ግን መሐል ላይ ያለውን ብር አወዳድሩ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። የሲድኒው ብር ከ4 ይነሳል፣ የሪዮው ከ1። መነሻቸው ካልገጠመ ዓይን ርዝመታቸውን መለካት ይቸግረዋል። መሬት ላይ የቆመው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው በደንብ የሚወዳደረው። ስለዚህ ዋናውን ነገራችሁን ታች አድርጉት። ይህም ማለት ሠንጠረዡ ላይ ከስሞቹ ቀጥሎ በመጀመሪያው ዓምድ ማስቀመጥ ነው። ወርቅን መጀመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ሦስተኛው «100 ፐርሰንት ስታክድ» የሚባለው ነው። እዚህ ሁሉም ባር እኩል ይረዝማል፤ የሚታየው ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ዳታ በዚህ ብትስሉት ታሪኩ ይገለበጣል። የቶኪዮ ወርቅ 25 ፐርሰንት ይሆናል፣ የሪዮ ደግሞ 12.5። ያላወቀ ሰው ቶኪዮ ላይ ከሪዮ እጥፍ የተሻለ ሠርተናል ሊል ነው። ወርቁ ግን ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ ሪዮ ላይማ የሜዳሊያው ብዛት እጥፍ ነበር። መቶ ፐርሰንቱ የሚያዋጣው ድርሻ ራሱ ጥያቄው ሲሆን ነው። ለምሳሌ ከደመወዛችሁ ስንቱ ለቤት ኪራይ፣ ስንቱ ለትራንስፖርት እንደሚሄድ ከወር ወር ለማየት። ቁጥሮቹ ጥቂት ሲሆኑ ራቁት።

ፓሪስ ላይ ነሐሱ 0 ነው። ቁጥሮቹ ባሩ ላይ እንዲጻፉ ካደረጋችሁ ተደራራቢው ላይ አንድ «0» አናቱ ላይ ቁጭ ይላል። ያስቀይማል። ኤክሴል ላይ የቁጥሩን ፎርማት 0;;; ብላችሁ ስትጽፉ ዜሮው ይጠፋል።

ስለ ሦስት አውታር (3ዲ) ባሮች የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አትሥሯቸው። የፊት ለፊቱ የኋላውን ይሸፍነዋል፣ አናቱም የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አይለይም።

ኤክሴል፦ ብዙ ያደርጋል፣ ብዙም ይገምታል

ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ ምርጫው ምናልባት ተመርጦላችኋል። አለቃው ኤክሴል ይልካል፣ ፋይናንስ ኤክሴል ይጠይቃል። ያን ያህል መጥፎ ዕጣም አይደለም። ዳታውን መርጣችሁ ኦልትና ኤፍ1 ስትጫኑ ቻርቱ እዚያው ይወጣል። ኤፍ11 ብቻውን ከተጫናችሁ ለብቻው ሺት ላይ ይሠራላችኋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውን አብሮ መጫን ይፈልጋል።

ኤክሴል ከሌሎቹ የሚበልጠው በማስተካከያው ነው። በባሮቹ መሐል ያለው ክፍተት «ጋፕ ዊድዝ» ይባላል። በአዳዲሶቹ ኤክሴሎች የቆመ ባር ስትሠሩ 219 ፐርሰንት ሆኖ ይመጣል፤ ባሩ ቀጭን፣ ክፍተቱ ሰፊ። እኔ ወደ 60 ወይም 80 አወርደዋለሁ። ባሩ ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ኮንትሮልና 1 ስትጫኑ በቀኝ በኩል ይከፈታል። ይህቺ አንዲት ቁጥር ብቻ ቻርቱን ከ«ኤክሴል የሠራው» ወደ «ሰው የሠራው» ታሸጋግረዋለች።

ዳታው የሚያድግ ከሆነ መጀመሪያ ኮንትሮልና ቲ ተጭናችሁ ወደ ቴብል ቀይሩት። ከዚያ በኋላ ከሥሩ አዲስ ረድፍ ስትጽፉ ቻርቱ ራሱ ያካትተዋል። ይህን የማያውቅ ሰው በየወሩ ቻርቱን ከዜሮ ይሠራል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ችግሩ ግምቱ ነው። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ «ሲድኒ 2000» ብላችሁ በመጻፍ ፈንታ 2000፣ 2004፣ 2016 ብላችሁ ዓመቱን ብቻ ጻፉ እንበል። ኤክሴል እነዚህን ቁጥር ያገኛቸዋል፤ ቁጥር ካየ ደግሞ ባር ይሠራል። ቻርቱን ስትከፍቱ 2000 ሜዳሊያ የሚያክል ግንብ ታያላችሁ። የወርቁ 4 ከሥሩ እንደ ጉንዳን ትሆናለች። መላው ቀላል ነው። ቻርቱን ከመሥራታችሁ በፊት የዓመቱን ዓምድ ርዕስ፣ ያቺን የግራ የላይኛ ማዕዘን ሴል፣ ባዶ አድርጓት። ኤክሴል ያኔ ይገባዋል። ጉግል ላይ ይህ «ኮለሙን እንደ ሌብል (የባሮቹ ስም) ተጠቀም» የምትል የምልክት ሳጥን ናት። ካልክ ላይም እንዲሁ፣ የመጀመሪያው ዓምድ ሌብል መሆኑን የሚጠይቃችሁ ሳጥን አለ። ሁለቱ መጠየቃቸው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ግምት አደገኛው ነው። የሦስት ክፍሎች የፈተና ማለፊያ 91፣ 94 እና 96 ፐርሰንት ይሁን። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ፣ በትልቁና በትንሹ መሐል ያለው ልዩነት ከትልቁ አንድ ስድስተኛ በታች ሲሆን፣ ኤክሴል አክሲሱን ከዜሮ ሳይሆን ከትንሹ ቁጥር አጠገብ ሊጀምረው ይችላል። ከ88 ጀመረ እንበል። የ91ዱ ባር 3 ብቻ ይረዝማል፣ የ96ቱ 8። ብልጫው አምስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ባር ትርጉሙ ርዝመቱ ነው፤ እግሩን ከቆረጣችሁት ዋሸ። አክሲሱን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «ሚኒመም» ላይ 0 ጻፉ። ጉግል ሺትስም ካልክም ላይ ይህንኑ ቦታ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ትንሹን ልዩነት ማጉላት ከፈለጋችሁ መስመር ወይም ነጥብ ሳሉ። እነሱ ከዜሮ የመጀመር ግዴታ የለባቸውም።

ዋጋው ሌላ ነገር ነው። ኤክሴልን የያዘው ማይክሮሶፍት 365 በየጊዜው የሚከፈል ነው፤ አገር ቤት ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ያለው ክራክ የተደረገው ነው። በፍላሽ ከሰው ሰው ሲዞር የመጣ ክራክ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። በብራውዘር የሚሠራው ኤክሴል ግን የማይክሮሶፍት አካውንት ላለው ሁሉ ነፃ ነው። ለተራ ባር ቻርት ይበቃል።

ጉግል ሺትስ፦ ብዙ እጅ ለሚነካው ፋይል

ጂሜይል ካላችሁ አላችሁ። ስልክ ላይም ይሠራል። ካፌዋ ጓደኛዬን በመጨረሻ ወደዚህ ያዞርኳት ለዚህ ነው። ሽያጩን ማታ ማታ የሚመዘግበው ወንድሟ ነው፣ በስልኩ። ቻርቱን የምታየው እሷ ናት፣ በላፕቶፕ። ፋይል መላላክ የለ፣ «የቱ ነው አዲሱ?» የለ።

ለእንዲህ ያለ ሰው ሌላም ጥሩ ነገር አለው። የሷ ምዝገባ በየቀኑ የሚጻፍ ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዕቃ፣ ብር። ይህን እንዳለ ኤክሴል ላይ ብትስሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ባሮች ይወጣሉ። መጀመሪያ በፒቮት ቴብል (ዳታን በየዓይነቱ ሰብስቦ በሚደምረው ሠንጠረዥ) ወይም በፎርሙላ በየወሩ መደመር አለባችሁ። ጉግል ላይ ግን በቻርት ኤዲተሩ ውስጥ «አግሪጌት» የምትል ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ስታደርጉ ተመሳሳይ ስሞችን ራሱ ይደምራል። ማኪያቶ 40 ቦታ ቢጻፍም አንድ ባር ይሆናል። «ማኪያቶ» እና «ማክያቶ» ብሎ የጻፈ ካለ ግን ሁለት ባር ነው። አማርኛ ላይ ይህ በብዛት ይመጣል፤ ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ። ለዓይናችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ፊደላት። ስሙን በነፃ ከማስጻፍ ከዝርዝር የሚመረጥ ማድረግ፣ ድሮፕዳውን የሚባለውን፣ ብዙ ራስ ምታት ያድናል።

የሚያንሰው በማስተካከያው ነው። እንደ ኤክሴል እያንዳንዱን ጥግ መነካካት አይቻልም። ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል፣ ግን ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ በፊት «ኦፍላይን» የሚለውን ማብራት አለባችሁ። ከጠፋ በኋላ ማሰብ ከዘነበ በኋላ ጣሪያ እንደመድፈን ነው።

ካልክ፦ ለብቻው የሚሠራ

ካልክ የሊብሬኦፊስ ክፍል ነው። ሊብሬኦፊስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ወጣ። ነፃ ነው፤ ለግልም ለመሥሪያ ቤትም። አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ታወርዱታላችሁ፣ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ያረጀ ላፕቶፕም አይንቅም። ትምህርት ቤት ወይም አነስተኛ ማኅበር ካላችሁ ክራክ ከመፈለግ በፊት ይህን ሞክሩ።

ቻርት ሲሠራ በአራት ደረጃ ይወስዳችኋል፦ ዓይነቱ፣ ዳታው፣ ተከታታዮቹ፣ ርዕሱና ማብራሪያው። ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ምን እየመረጠ እንደሆነ ያያል። የባሮቹን ክፍተት «ስፔሲንግ» በሚለው ታስተካክላላችሁ። የአማርኛ ገጽታም አለው። እኔ ግን አልመክርም። የምትከተሉት ቪዲዮ «ኢንሰርት ቻርት» ሲል እናንተ በአማርኛ የተጻፈውን አቻ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

ድክመቱ ከኤክሴል ጋር ሲመላለስ ነው። ካልክ ላይ ያማረ ቻርት ኤክሴል ላይ ሲከፈት ክፍተቱ፣ ፎንቱ፣ የጽሑፉ ቦታ ሊዛባ ይችላል። አለቃችሁ ኤክሴል የሚጠቀም ከሆነ ቻርቱን እንደ ሥዕል አስቀምጡና ላኩ። ቻርቱ ላይ ራይት ክሊክ ብትሉ «ኤክስፖርት አዝ ኢሜጅ» የሚል አለ።

በእኛ ካላንደር ለሚሠራ

ይህ ክፍል የውጭ መመሪያዎች ላይ አይገኝም፣ ስለዚህ ትንሽ እናብራራው።

ሦስቱም ቀንን የሚያስቡት በፈረንጆቹ ነው። ኮምፒዩተራችሁ ቀን አስቀድሞ በሚጽፍ አቀማመጥ ላይ ከሆነ፣ የካቲት 30ን 30/6/2017 ብላችሁ ጻፉ። ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ምክንያቱም ጁን 30 አለ። አሁን ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ጻፉ። ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም፤ ስለዚህ ቀን መሆኑን ትቶ ጽሑፍ ያደርገዋል። ሴሉን እዩት፦ ቀን የሆነው ወደ ቀኝ ተጠግቷል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ይዛችሁ ቻርት ስትሠሩ የሚመጣውን ጉድ አስቡት። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት፤ የሚያውቃትም የለ።

ስለዚህ ቀኑን ከነጭራሹ አትጻፉ። ወሩን በስም ጻፉ፣ ቀኑን በሌላ ዓምድ እንደ ተራ ቁጥር። የፈረንጅ ቀን ይዛችሁ በየሳምንቱ የሚመዘገብ ነገር ስትስሉ ደግሞ ኤክሴል ላልተመዘገቡት ቀናት ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባሮቹም ክር ይመስላሉ። አክሲሱን «ቴክስት አክሲስ» አድርጉት። ጉግል «ትሪት ሌብልስ አዝ ቴክስት» ይለዋል፣ ካልክ አክሲሱ ላይ «ታይፕ» በሚለው ሥር «ቴክስት» ይላችኋል።

ቀጥሎ ድርደራው። የወሮቹን ስም በፊደል ተራ ካስደረደራችሁ ሐምሌ አንደኛ ይወጣል፣ ከዚያ መስከረም፣ ከዚያ መጋቢት፣ ከዚያ ሚያዝያ። ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይገኛል። ኤክሴል ላይ የራሳችሁን ተራ ማስተማር ትችላላችሁ፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ ወረድ ብሎ «ኤዲት ከስተም ሊስትስ»። አሥራ ሦስቱን ወራት አንዴ ጻፉለት። ከዚያ መስከረም ብላችሁ ጽፋችሁ ስትጎትቱት ራሱ ይቀጥላል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ከሆነ ሌላ ዝርዝር ከሐምሌ ጀምራችሁ ጻፉ፣ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነውና። ካልክ ይህንን «ሶርት ሊስትስ» ይለዋል። ጉግል ሺትስ ላይ ከ1 እስከ 13 የሚቆጥር አጋዥ ዓምድ ጨምሩና በእሱ ደርድሩ።

የጳጉሜንን ነገር ሁለት ዓይነት ማድረግ ይቻላል። ከነሐሴ ጋር መደመርና «ነሐሴና ጳጉሜን» ብሎ መጻፍ አንዱ ነው። ያኔ 35 ቀን ስለሚሆን ያቺ ባር ያለ ምክንያት ረዝማ ትታያለች። እኔ የምመርጠው ሁሉንም ወር ለቀኑ ብዛት ማካፈልና «የቀን አማካይ ሽያጭ» ብሎ መሣል ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት አትርሱ፤ 2015 ላይ ነበረች፣ ቀጥሎ 2019 ላይ ትመጣለች።

ፊደሉ ሲበላሽ

የቆየ ፋይል ወርሳችሁ ከሆነ ይህ ይገጥማችኋል። ሴሉ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ቻርቱ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ። ፋይሉ የተጻፈው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው፤ የድሮው ፓወር ግዕዝ አንዱ ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱታል እንጂ ከሥሩ አማርኛ የለም። ቻርቱ ሌላ ፎንት ሲጠቀም ልብሱ ወለቀ።

ኤክሴልና ካልክ ላይ የቻርቱን ፎንት ወደዚያው የድሮ ፎንት ስትቀይሩ ይስተካከላል፣ ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ። ጉግል ሺትስ ላይ ፎንቱን መጫን ስለማይቻል መውጫ የለም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሞቹን በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። ለአንድ ቻርት ቢበዛ ሃያ ቃል ነው። ለቻርት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ዊንዶውስ ላይ ያለው ኢብሪማ በትንሽ መጠንም ይነበባሉ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሪፖርቱ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ከሆነ አረንጓዴና ቀይ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፣ ቢጫ ደግሞ ይጠፋል። ጥቁር፣ መካከለኛ ግራጫና ነጣ ያለ ግራጫ ያዋጣሉ።

ጓደኛዬ አሁን የምትጠቀመው ጉግል ሺትስ ላይ የተሠራ የቆመ ባር ነው፣ በቀን አማካይ፣ ከመስከረም የሚጀምር። ለባንክ ብድር ማመልከቻ ሲያስፈልጋት አውርዳው ኤክሴል ላይ ክፍተቱን አጥብቤ ባሮቹን ግራጫ አደረግሁላት። ወንድሟ እንደገና አየውና «ጳጉሜን ላይ ሠራተኛ መጨመር አለብን» አለ።